እሬት፦ ጥቅሙን ከጉዳቱ ለይቶ መጠቀም

በዓለም ከተማ ለካህናት፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለእናቶች ማኅበራትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀረበ የጤና ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምናገረው ሁላችንም ስለምናውቀው አንድ ተክል ነው። ከለሚ ቁልቁል ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣ መንገደኛ በድንጋያማው ተዳፋትና በገደሉ አፋፍ ላይ እሬትን ያገኘዋል። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠርዙ እሾሃማ፣ አበባው ቀይ ወይም ቢጫ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እርሱ አይደርቅም። ምሬቱም ከመታወቁ የተነሣ አንድ ነገር አልዋጥ ሲለን «እንደ እሬት መረረ» እንላለን። እናት ልጇን ጡት ልታስጥል ስትፈልግ የምትቀባው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ደግሞ ይኸው ተክል «አሎ ቬራ» በሚል ስም በሳሙናው፣ በሻምፑው፣ በፊት ቅባቱ ላይ ተጽፎ በየሱቁ ይሸጣል። ወጣቶቻችን ፊታቸውን ይቀቡታል፤ እናቶች ልጅ ሲቃጠልባቸው ከጓሮ ቆርጠው ያደርጉበታል፤ አንዳንዱም ለሆድ ሕመም ይጠጣዋል። ስለዚህ ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ «እሬት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚል አይደለም። የምንጠይቀው «የትኛው ክፍሉ፣ ለምን ነገር፣ በማን ላይ፣ እንዴት ተዘጋጅቶ?» ብለን ነው። ይህን መለየት ተራ ነገር የሚመስለው ካለ፣ እሳት ላይ የወደቀን ሕፃን ያስብ። በዚያች ሰዓት ቤተሰቡ የሚያውቀውና የሚያደርገው ነገር የልጁን እጅ ሊያድን ወይም ሊያሰናክል ይችላልና።

ቅጠሉ በውስጡ የያዘው

የእሬት ቅጠል ሲቆረጥ ሦስት ነገር ይታያል። ውጭው ጠንካራ አረንጓዴ ልጥ ነው። ከልጡ ሥር፣ እንደ ቀጫጭን ሥር በተሰለፉ ቧንቧዎች ውስጥ፣ ቢጫ መራራ ፈሳሽ አለ። መሐሉን የሞላው ደግሞ እንደ ውኃ የጠራ ዝልግልግ ሥጋ ነው።

ቢጫው ፈሳሽ አሎይን የሚባለውንና የእርሱን ዘመድ ንጥረ ነገሮች ይዟል። ተክሉ ከእንስሳት ራሱን የሚጠብቀው በዚህ ምሬት ነው። ሰው ሲጠጣው አንጀትን አስጨንቆ ያስቀምጣል፤ ቆዳ ላይ ሲቆይም ሊያሳክክና ሊያቆጣ ይችላል። መሐለኛው የጠራ ሥጋ ግን ከመቶው ዘጠና ስምንት እጅ በላይ ውኃ ነው። የቀረው ጥቂቱ ክፍል በአብዛኛው ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ውኃን ይዘው የሚያቆዩትም እነርሱ ናቸው። የደረቀ ቆዳ ላይ ሲቀቡት የሚያቀዘቅዘው፣ የሚያለሰልሰውና ስስ ሽፋን የሚሠራው ይህ ክፍል ነው።

እንግዲህ አንድ ቅጠል ሁለት ፈሳሽ ይዟል ማለት ነው። «እሬት ተቀብቼ ቆዳዬ ለሰለሰ» የሚለውም፣ «እሬት ተቀብቼ ፊቴ አበጠ» የሚለውም ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። አንዱ የጠራውን ለይቶ ተጠቅሞ፣ ሌላው ቅጠሉን ከነቢጫው ጨምቆ ሊሆን ይችላልና።

እሬት ሁሉ አንድ አይደለም

በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች ይበቅላሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ስለ እሬቶቻችን አንድ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሌላው ዓለም የሉም። ከመካከላቸው አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ «አሎ ደብራና» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከራሳችን ከደብረ ብርሃን ነው። በሱቅ የሚሸጠው «አሎ ቬራ» ግን ሌላ ነው፤ ትውልዱ ከዓረብ ምድር ሲሆን በዓለም ዙሪያ በእርሻ ይመረታል።

ይህ ልዩነት ለምን ያስፈልገናል? ስለ ቆዳ የተደረጉት አብዛኞቹ የሕክምና ጥናቶች የተካሄዱት በአሎ ቬራ ላይ ስለ ሆነ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የአገራችንን እሬቶች ፈሳሽ በላቦራቶሪ ፈትሸው ተሕዋስያንን የመቋቋም ኃይል ያላቸው ንጥረ ነገሮች አግኝተዋል። በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ የታየ ኃይል ግን በሰው ቆዳ ላይ ከተረጋገጠ ፈውስ ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ የጓሯችንን እሬት የአሎ ቬራ ወንድም ነው ብለን እንቀበለው፤ ያው ራሱ ነው ብለን ግን አንመን።

በቅዱስ ዮሐንስ ወንጌል ኒቆዲሞስ ለጌታችን መቃብር ከከርቤ ጋር ያመጣው እሬት የተጠቀሰበትን ቦታ የምታስታውሱ አባቶች ትኖራላችሁ። አንዳንድ ሊቃውንት ያ እሬት መዓዛው ያማረ የሩቅ ምሥራቅ ዛፍ እንጨት ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ፤ የእኛ መራራ ተክል ላይሆን ይችላል። ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሁለት ሊሆን ይችላል። ይህንንም የምጠቅሰው «በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ ስለ ሆነ ለሁሉ ይሆናል» እየተባለ በየገበያው የሚነገር ማስታወቂያ እንዳያታልለን ነው።

ከመልክ መመሳሰልም እንጠንቀቅ። ለአጥር የምንተክለው የቃጫ ተክል ለማያውቅ ሰው እሬት ይመስላል፤ ጭማቂው ግን ቆዳን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። በዚህ ሸለቆ የሞላው ቁልቋልም ከእሬት ጋር ጎን ለጎን ይበቅላል፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ቁልቋልም የተፈጥሮ ነው። «ተፈጥሯዊ ስለ ሆነ አይጎዳም» ለሚል ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ጥቅሙ የታየው በምን ላይ ነው?

የጠራው የእሬት ሥጋ ለደረቀ ቆዳ፣ ለፀሐይ ላቃጠለው ፊት፣ በሥራ ለሻከረ እጅ ማለስለሻ መሆኑ በሰፊው የታወቀ ነው። በቃጠሎ ላይም ጥናት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታይላንድ ተመራማሪዎች 371 ሕሙማን የተሳተፉባቸውን አራት ጥናቶች አንድ ላይ መርምረው፣ እሬት የተደረገላቸው ሰዎች ቃጠሎ ከሌሎቹ በአማካይ ዘጠኝ ቀን ያህል ቀድሞ እንደ ዳነ አሳይተዋል። ይህ መልካም ዜና ነው። ሆኖም ጥናቶቹ በአዘገጃጀትና በአሠራር የተለያዩ ስለ ነበሩ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ውጤቱ በጥንቃቄ እንዲታይ አሳስበዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮክሬን የተባለው የጥናት መርማሪ ድርጅት ስለ ቁስል የተደረጉ ሰባት ጥናቶችን ተመልክቶ ጠንካራ ማስረጃ ገና አልተገኘም ብሏል።

ለእናቶች በተለይ የምነግረው አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና የወለዱ ወይም ሌላ የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረጉና ስፌታቸው የተከፈተባቸው ሴቶች ቁስል በተለመደው እንክብካቤ በአማካይ በ53 ቀን ሲድን፣ የእሬት ዝልግልግ የተጨመረላቸው ሴቶች ግን 83 ቀን ፈጅቶባቸዋል። እንግዲህ በላይኛው ቆዳ ላይ የረዳ ነገር በጥልቅ ቁስል ላይ ፈውስን ሊያዘገይ ይችላል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ስፌቷ ላይ እሬት አታድርግ፤ ጎረቤትም «ለእኔ በጅቶኛል» ብላ አትምከራት።

ልጅ ሲቃጠል

በየቤታችን ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ ጀበናውና ድስቱ ለሕፃን እጅ ቅርብ ናቸው። ስለዚህ ይህን ሁላችሁም በቃላችሁ ያዙልኝ።

በመጀመሪያ የተቃጠለውን ቦታ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ እያፈሰሳችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙት። የቀረው የልጁ ገላ እንዳይበርደው በጋቢ ሸፍኑት። ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ልብስ እብጠት ሳይመጣ አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አትጎትቱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት፣ ጭቃ፣ እበት አታድርጉበት። እነዚህ ሙቀቱን ይዘው ያቆያሉ፣ ቁስሉን ያቆሽሻሉ፣ ሐኪሙም የቃጠሎውን ጥልቀት እንዳያይ ይጋርዱታል። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ስፋት የበለጠ ከሆነ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ኀፍረተ ገላ ላይ ከሆነ፣ ቆዳው ነጭ ሆኖ ወይም ጠቁሮ ሕመም የማይሰማው ከሆነ፣ ወይም ልጁ ገና ሕፃን ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም እዚሁ ዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል ውሰዱት። በዚህ ጊዜ እሬት ፍለጋ ጓሮ መግባት ውድ ሰዓት ማባከን ነው። የእሬት ቦታው ቆዳው ሳይላጥ የቀላ፣ ትንሽና ቀላል ቃጠሎ ነው፤ እርሱም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የመጠቀም ሥርዓቱ

እሬትን ለቆዳ የሚጠቀም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቢላዋውንም ቅጠሉንም ይጠብ። ቅጠሉን ከሥሩ ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል ያቁመው፤ ቢጫው ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ከዚያ ልጡን በወፍራሙ ልጦ፣ የጠራውን ሥጋ በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ ቢጫ እንዳይቀርበት ያረጋግጥ። በዚያው ቀን ይጠቀምበት፤ የተረፈውን ይጣለው፤ ውኃ የበዛበት ነገር ቶሎ ይበላሻልና።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀባ ሰው በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጠብቅ። ካሳከከው፣ ካቀላው ወይም ሽፍታ ካወጣበት አይጠቀም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሲነካ ቆዳው የሚቆጣ ሰው በይበልጥ ይጠንቀቅ። በዓይን፣ በጥልቅ ቁስል፣ በሚመግል ቦታና በእንስሳ ንክሻ ላይ ለማንም አይደረግ። በፀሐይ ላይ እንደ ባርኔጣና እንደ ጃንጥላ አይቁጠረው፤ እሬት የፀሐይን ጨረር አይከላከልም።

መጠጣትን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው፦ ቅጠሉን ከነቢጫው ጨምቃችሁ አትጠጡ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከእሬት ፈሳሽ የሚሠሩ የሆድ ማስቀመጫዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋምም አይጦች ከነልጡ የተጨመቀ የእሬት ውኃ ለሁለት ዓመት ጠጥተው በአንጀታቸው ዕጢ መውጣቱን መሠረት አድርጎ፣ ይህን ጭማቂ «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ይህ የተባለው ስለሚጠጣው ነው እንጂ ስለሚቀባው የጠራ ክፍል አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴትና የምታጠባ እናት በተለይ አይቅመሱት። ጡት ለማስጣል የሚቀባውም ልጁ ከዋጠው ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ልጅ በሁለት ዓመቱ ገደማ ምግብ እያበዙለት ቀስ በቀስ ቢተው ይሻላል።

ስለ እግር

ስለ ቆዳ እንክብካቤ ስንናገር በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲያርሱ የኖሩ ወገኖቻችንን መርሳት አይገባም። ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት፣ በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎችን እንደ ያዘ ተገምቷል። ርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የአፈሩ ብናኝ በቆዳ ገብቶ በተፈጥሮው በሚጋለጥ ሰው ላይ የሚያመጣው ሕመም ነው። ብዙዎች ኀፍረት ይዟቸው ቤት ይውላሉ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው ነገሩ እየባሰ ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ የሚያቃጥል ቅጠል አድርገውበት ቆዳውን ያቆስሉታል።

በዚሁ በአማራ ክልል፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት መፍትሔው ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ አሳይቷል። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በቀጠነ መበከያ ማጥሪያ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሠርና ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ እየተመላለሰ የሚጥለውን ትኩሳትና ሕመም ቀንሶላቸዋል። ቅባቱ ተራ ቫዝሊን ነው። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ሥርዓት በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ የሚፈጽሙ አባቶቻችን፣ ያበጠ እግር ያለውን ምእመን ከሰው መካከል አስቀምጠው ይህን ቢያስተምሩት ትልቅ መድኃኒት ይሆናል።

በሱቅ የሚሸጠው

«ከዕፅዋት የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ለቅባት የምስክር ወረቀት አይደለም። አንዳንድ ፊት የሚያቀሉ ቅባቶች በላያቸው የእሬት ሥዕል ይዘው በውስጣቸው ሜርኩሪ ወይም ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት ይገኝባቸዋል። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከእናት ወደ ጽንስም ያልፋል። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥርን ያወጣል፣ ብጉርን ያበዛል፤ ሲተውት ደግሞ ፊት ይቆጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥቁርን ቀይ የሚያደርግ ቅባት ካገኛችሁ ጠርጥሩ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለዋል አባቶች። ወጣቶች ሆይ፣ እግዚአብሔር የሰጣችሁ መልክ ሕመም አይደለምና መድኃኒት አይፈለግለትም።

የምትገዙትን ዕቃ አምራቹንና አገሩን፣ የይዘቱን ዝርዝር፣ የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቱ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የውበት መጠበቂያዎችን ጭምር የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ስያሜ የሌለው፣ በላስቲክ ወይም በሌላ ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጥ ቅባት አትግዙ።

ለማኅበራት

ከእናቶች ማኅበራት መካከል የእሬት ሳሙናና ቅባት ሠርተን እንሽጥ የሚል ሐሳብ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሦስት ነገር ግን ይቅደም። አንደኛ፣ ለሽያጭ የሚቀርብ ቅባት ፈቃድ፣ ንጽሕናና ምርመራ ያስፈልገዋል። ለውበት ምርት የሚውል እሬት ከቢጫው ንጥረ ነገር በሚሊዮን ከ50 እጅ በላይ እንዳይይዝ የዘርፉ መርማሪ ባለሙያዎች መክረዋል፤ ይህን በዓይን መለካት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ተክሉን ከገደሉ አትንቀሉ። ከአሎ ቬራ በቀር የዱር እሬቶች ሁሉ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በስምምነት የሚቆጣጠር ነው፤ የእኛዎቹም ከጠፉ ከሌላ አገር አናመጣቸውም። ችግኝ አፍሉ፣ በግቢና በእርከን ላይ ትከሉ፣ የታችኛውን ቅጠል ብቻ ቁረጡ። የመንዝ ሰዎች ጓሳን በሥርዓት ዘግተው በሥርዓት እየከፈቱ ለዘመናት ማኖራቸው ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። አፈሩንም ይይዝላችኋል። ሦስተኛ፣ የማትጨርሱትን ተስፋ አትሽጡ፤ «ያለሰልሳል» በሉ፣ «ይፈውሳል» አትበሉ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። እሬት ያበቀለው እግዚአብሔር ነው፤ ሐኪምንም የሰጠ እርሱ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሁለቱን አያጣላም፤ ከምድር የወጣውን መድኃኒትም፣ ሐኪሙንም፣ ጸሎቱንም አንድ ላይ ያነሣል። ስለዚህ ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን አይጣል፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድም ጸሎቱን አይተው። ከዚህ ስትመለሱ ሁለት ነገር ለጎረቤታችሁ ንገሩ፦ ቃጠሎን በቅድሚያ በውኃ፤ ከእሬትም የጠራውን እንጂ ቢጫውን አይደለም።

አምላከ ቅዱሳን ጤናን፣ ማስተዋልንና ፍቅርን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።